የመፍቻዎቹ ሣጥን

እህት ብሎን እስከ ትከሻዋ ልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ ገብታ ሳለ፣ የገዳሙ እናት አለቃ ከበሩ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች። እሳቸው እዚህ ክፍል ብቅ ብለው አያውቁም። የማሽኑ ሆድ ዕቃ ወለሉ ላይ ተዘርግፏል፤ የእህቶች ሁሉ አንሶላ ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ወረፋ ይጠብቃል። ‹ዛሬስ አለቀልኝ› አለች በልቧ።

ብሎን ያሏት እህቶች ናቸው። የተፈታ ካላሰረች፣ የታሰረ ካልፈታች እንቅልፍ አይወስዳትም። ገዳም የገባች ዕለት ግን የሟች አባቷን የመፍቻ ሣጥን እናት አለቃ ተቀብለዋታል፤ በዚህ ቤት የግል ንብረት የለም። ይኸው ሦስት ዓመት፣ የምትፈታው በወጥ ቤት ቢላዋ ነው። የቀረውን ጊዜ ልብስ ታጥባለች። በየልብሱ ጠርዝ የለባሿ እህት ቁጥር በቀይ ክር ተጠልፏል፤ ቁጥር አንድ የእናት አለቃ ነው። የሳቸው መሐረብ በየወሩ የማይለቅ የዘይት እድፍ ይዞ እየመጣ ያማርራታል።

"ወንዝ ማዶ የምንከፍተውን ክሊኒክ ሰምተሻል" አሉ እናት አለቃ። "እስከ ዛሬ አንዲት ካቶሊክ ሲስተር ያልረገጠችው አገር ነው። ነርሷና አስተማሪዋ ነገ ይሄዳሉ።"

እንዴት አልሰማችም! ልላክ ብላ ሦስቴ ጠይቃ፣ ሦስቴም "ታገሺ ልጄ" ተብላለች።

"እግዜር ይርዳቸው" አለች፣ ወደ ማሽኑ ተመልሳ እየጎነበሰች።

"አላስጨረስሽኝም እኮ። እዚያ ያለው የውሃ ፓምፕ ከቆመ ሁለት ዓመቱ። ያለ ውሃ ነርሷ ምን ትሠራለች? ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ።"

የተላከች እህት ተንበርክካ "እነሆኝ" ነው የምትለው። ብሎን ግን "እሰይ!" ብላ ጮኸች፤ ዘላም አለቃዋ አንገት ላይ ተጠመጠመች። የእናት አለቃ ነጭ ቀሚስ በግራሶ መዳፍ ታተመ።

"እነሆኝ ነበር የሚባለው" አሉ እናት አለቃ፣ ሳቃቸውን ለመዋጥ እየታገሉ።

የሳሙናው ውሃ ላይ ዱብ ብላ ተንበረከከች። "እነሆኝ! እነሆኝ እናቴ!"

"ይሁን። ማሽኑን ሳትገጥሚ ግን ንቅንቅ የለም።"

"በቢላዋ? በሳምንትም አልጨርስ!"

እናት አለቃ ከበሩ ጀርባ አንድ የብረት ሣጥን ጎትተው አመጡና ፊቷ አኖሩት። የአባቷ ነው።

ሦስት ዓመት ዕቃ ቤት የከረመ ብረት ዝገት በልቶት ይሆናል። እየፈራች ክዳኑን ከፈተችው። መፍቻዎቹ በዘይት ታሽተው ያብለጨልጫሉ። ትልቁን ከተጠቀለለበት መሐረብ አወጣችው፤ በመሐረቡ ጥግ፣ ከዘይቱ እድፍ አጠገብ፣ በቀይ ክር ተጠልፏል፦ ቁጥር አንድ።