ለመጣፊያ የምትቀር ቁራጭ

«ግማሹን ብትተዉልኝስ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

ዶክተሯ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ትልቋ ልጃቸው በስኳር በሽታ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። በሕይወት ሳለች ለጥናት የሰጠችው ደም ግን እዚሁ ሆስፒታል፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። አሁን የቀረችው አንዲት የጣት አንጓ የምታህል ብልቃጥ ናት፤ ዛሬ የተጠሩትም እሷን ለመጨረስ እንዲፈቅዱ ነው።

«አባቴ፣ ግማሹ የሚነግረን ግማሽ ወሬ ነው» አለች ዶክተሯ። «ያኔ የመረመርነው የምናውቃቸውን ጂኖች ብቻ ነበር። ምንም አላገኘንም። አሁን የመጣው መሣሪያ ሁሉንም ያነባል፤ ያለችውን ግን በሙሉ ይፈልጋል።»

«እኔ እኮ የሰው ጨርቅ ስቆርጥ ጥቂት ሳላስቀር ቀርቼ አላውቅም። ለመጣፊያ። የማን ልብስ መቼ እንደሚቀደድ ማን ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው በቁራጭ ጨርቅ ተጨናንቋል። ባለቤታቸው «ከሞቱ ሰዎች ሱሪ ጋር ነው የምንኖረው» እያሉ ሲያሾፉባቸው ይውላሉ፤ አንዱንም ግን አስጥለዋቸው አያውቁም።

አጠገባቸው ትንሿ ልጃቸው መሬት መሬቱን እያየች ተቀምጣለች። በቅርቡ አምስት ዓመት የሞላት ልጇ ቀንም ሌትም ውሃ ውሃ ትል ጀመር። ሽማግሌው ያንን ጥማት ያውቁታል፤ ሐኪም ሳይነግራቸው ነው በሽታውን የለዩት። አሁን ሕፃኗ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች።

«በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተገኘ ነገር አያስተማምንም» አለች ዶክተሯ። «አንድ ዓይነት ስህተት በሕፃኗም በአክስቷም ጂን ላይ ካገኘን ግን እናምነዋለን። እኛ የጠረጠርነው ዓይነት ከሆነ ደግሞ በኪኒን ይያዛል። መርፌው ይቀርላት ይሆናል።»

ሰፊው ቀና አሉ።

«ያቺስ?» አሉ። «ለእሷም ኪኒኑ ይበቃት ነበር?»

ዶክተሯ እጇን እጃቸው ላይ አኖረች። «ምናልባት» አለች።

ትልቋ ልጃቸው እኮ መርፌ ስታይ ትንቀጠቀጥ ነበር። «ሰፊ ቤት ተወልዶ መርፌ መፍራት ምን ይባላል?» ይሏት ነበር ጎረቤቶች፤ እሷም ከእነሱ ጋር ትስቅና ሰዓቱ ሲደርስ አልጋ ሥር ትገባለች። አባቷ በአንድ እጃቸው ሲወጓት የሌላኛውን እጃቸውን አውራ ጣት ጭብጥ አድርጋ ትይዛለች። አድጋ እንኳ፣ ቁመቷ ከእሳቸው ከበለጠ በኋላ እንኳ፣ አውራ ጣታቸውን ሳትይዝ ተወግታ አታውቅም።

«አባዬ» አለች ትንሿ ልጃቸው፣ «እምቢ ብትልም አልቀየምህም። ለእኔም እህቴ ናት።»

«ልያት» አሉ ሰፊው።

የማቀዝቀዣ ክፍሉን ወጣት ሠራተኛ ሰው ሁሉ «በረዶ» እያለ ነው የሚጠራው። ከሽማግሌው ጋር የቆየ ወዳጅነት አላቸው። የተቀደደ ጋዋን ልጠግን ብለው ይመጡና፣ መርፌና ክራቸውን ሳያወጡ «እንዴት አደረች?» ይሉታል። እሱም «ደህና ናት አባባ፣ ብርዱን ለምዳዋለች» ይላቸዋል። ዛሬ እሳቸውም አልጠየቁ፣ እሱም አልቀለደ። ወፍራሙን ጓንት አጠለቀላቸው። የተገዛው ጓንት ሲያልቅ ጥጥ ደራርበው የሰፉለት ራሳቸው ናቸው።

ማቀዝቀዣው ተከፈተና ነጭ ጭስ እግራቸው ሥር ወረደ። በረዶ ብልቃጧን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው።

ምንም አልተሰማቸውም። ክብደት የላት፣ ቅዝቃዜ የላት። ጨበጥ አደረጉ፤ የያዙት ጥጥ ብቻ ነው።

«ምን ያለ ክፉ ጓንት ነው የሰፋሁልህ» አሉ።

ከዚያ የሌላኛውን እጅ ጓንት አወለቁ። ክልክል ነው፤ በረዶ ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ወጣቱ ግን ፊቱን ወደ በሩ አዞረና «እንዳይቆዩ አባባ፣ ያቃጥላል» አለ።

አውራ ጣታቸውን ብልቃጧ ላይ ተጫኑ። እንደ እሳት ለበለባቸው፤ አላነሱም። ትንሽ ቆዩ። ጣታቸውን ሲያነሱ ብልቃጧን የሸፈናት አመዳይ በጣታቸው ልክ ቀልጦ፣ ከሥሩ ቀይ ደም ታየ። ከመቼውም ይልቅ የእሷ ነበር።

«በቃ፣ ውሰዷት» አሉ። «ቅንጣት እንዳታስቀሩ።»

ቀጥሎ ባለው ክፍል የልጅ ልጃቸው ወንበር ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። ከእሷም ደም ሊወሰድ ነው። ነርሷ ክንዷን አስራ ጨርሳለች፤ ሕፃኗ ከንፈሯን ነክሳ መርፌውን በዓይኗ ትከተላለች። ሽማግሌው ሳያስቡት አጠገቧ ቆመው አውራ ጣታቸውን ዘረጉላት። በነፃ እጇ ያዘችውና መልሳ ለቀቀችው።

«አያቴ፣ ጣትህ ለምን ቀዘቀዘ?»

«አክስትሽ ይዛው ነበር።»

ሕፃኗ ጣቱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ጭብጥ አደረገችው።

«እኔ ላሙቅልህ» አለች፤ መርፌው ሲገባም አልለቀቀችውም።