መጨረሻ የታየበት ሰዓት

ቆራጩ መስታወቱን አስምሮ ሊሰብረው ሲል ስልኩ ነዘረ። ቁጥሩን አይቶ ደነገጠ። የእንጀራ አባቱ ነው።

«አለህ?» ይላል።

ከሰውየው ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሲወጣ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ግራ ክንዱ ተሰብሮ። ያ ሰው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጋደም ሲል እሱና ታናሽ እህቱ ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀመጡ ነበር። ሳል ያመለጠው ይገረፋል። እሷን እዚያው ትቷት ነው የወጣው። ስለዚህ ነገር ለማንም አያወራም።

አዲሱን ቁጥር የሰጠው ለእናቱ ብቻ ነበር። ጥፋቱ ግን የራሱም ነው። ባለፈው ሳምንት ሱቁ በር ላይ የተነሳውን ፎቶ ዋትስአፕ ላይ ለጠፈ፤ ከኋላው ያለው ታፔላ የከተማውን ስም ያሳያል። አሁን አጠፋው። ግን ምን ዋጋ አለው።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሌላ መጣ።

«አሁን ኦንላይን ነህ። እያየሁህ ነው።»

ሱቁ ውስጥ አብሮት የሚሠራው ፍሬም ሠሪ ፊቱን አይቶ ሳቀ። «ምን ሆነሃል አንተ? ሁለት ሴት አንድ ቀን ቀጥረህ ነው?»

«አንድ ሰው እንዳያየኝ ብፈልግስ?»

«ዋትስአፕ ላይ ሰማያዊዋን ምልክት አጥፋ፤ ማንበብህን አያውቅም። መጨረሻ የታየህበትንም ደብቅ። ወይ ደግሞ ጠቅልለህ ቴሌግራም ግባ።»

«እዚያስ አያገኘኝም?»

«ቁጥርህ ካለውማ ያገኝሃል። ምን አድርገኸው ነው ግን?»

ሁሉንም አጠፋ፣ ሁሉንም ደበቀ። በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቴሌግራሙ ጮኸ።

«ብትደበቅም እመጣለሁ።»

አንድ ሙሉ መስታወት ከእጁ አምልጦ ተሰበረ። ፍሬም ሠሪው ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል፣ የመጨረሻው ደረሰ።

«መናኸሪያ ነኝ። ሳላገኝህ አልመለስም።»

መናኸሪያው ከሱቁ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ቁጥሩን በሁለቱም መተግበሪያ ዘጋው። ሲም ካርዱን አውጥቶ በመቀስ ለሁለት ቆረጠው። ፍሬም ሠሪውን ለምኖ ሱቁ ውስጥ አደረ፤ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለመስታወት መደርደሪያው ሰጥቶ። ዓርብም አልወጣም። ውሃ እንኳ ሌላ ሰው ነው የቀዳለት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የእንጀራ አባቱ በሩ ላይ ቆመ።

ጢሙ አድጓል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ቆራጩ መቁረጫውን ጨብጦ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ክንዱ፣ የተሰበረበት ቦታ ላይ፣ አመመው።

«ስድስት መስታወት ቤት ዞሬ ነው ያገኘሁህ» አለ ሰውየው። እጁን አላነሳም። በቆራጩ ትከሻ ላይ አሻግሮ የሱቁን ጓዳ ያይ ነበር።

«ውጣ ከዚህ!»

«እወጣለሁ። ሐሙስ ስልኬን ሰርቃ ወደ አንተ የመጣችውን እህትህን ስጠኝና።»