የቆለፈው ሰው ይውጣ

በራሴ ስም ብነግራችሁ ስለማፍር «ባለሙያው» እያልኩ ልቀጥል። ባለሙያ ማለቴም ለወጉ ያህል ነው።

ባለሙያው ለሆስፒታሉ አዲስ ሰርቨር እንዲተክል የተቀጠረው በሦስት ወር ሙከራ ነበር። ዓርብ ዕለት ማሽኑ ላይ የሚጫነውን ሁሉ ጭኖ ጨርሷል። ሙከራው የሚያበቃው ሰኞ ሲሆን የቀረችው ሥራ አንዲት ናት፤ ሰርቨሩ የታካሚዎች ፋይል ከተቀመጠበት ዳታቤዝ ጋር መገናኘቱን ለዳይሬክተሩ ማሳየት። ከተገናኘ ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ካልተገናኘ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ይገባል።

ዳታቤዙን የሚጠብቁት እትዬ ናቸው፤ ቢሮው በሙሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። በየወሩ እንደሚያደርጉት ሰኞ ጠዋት ፓስወርዱን ቀየሩና አዲሱን በወረቀት ጽፈው ሰጡት። የእህታቸው ልጅ ለዚሁ ቦታ አመልክቶ እንደነበር ባለሙያው ሰምቷል። ለሐሜት ሲሆን የሱ መስመር ተቋርጦ አያውቅም።

ሞከረ። ተገናኘ! ዳይሬክተሩን ሊጠራ በደስታ ከነፈ። ይዟቸው ሲመለስ ስክሪኑ «አካውንቱ ተቆልፏል» ይላል።

«እትዬ፣ ምን ነካው?»

«ቆይ ልክፈትልህ የኔ ልጅ።»

ከፈቱለት፤ ሠራ። አምስት ደቂቃ ሲሆነው ተቆለፈ። ደግመው ከፈቱ፤ ያው ተቆለፈ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

የባለሙያው ደም ፈላ። የሚከፍቱት እሳቸው፣ የሚቆልፉትም እሳቸው ናቸው ብሎ በሆዱ ፈረደ። በገዛ ብልጠቱ ተደነቀ፤ ይህን ጭንቅላት ለሙከራ ብቻ መቅጠራቸው ግፍ መሰለው።

«ዳይሬክተር፣ ይሄ ተንኮል ነው!» አለ ጮክ ብሎ። «ማን እንደሚያስቆልፈው ዳታቤዙ መዝግቦታል። ይታተም!»

እትዬ መዝገቡን ከፍተው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ተወው ልጄ። እኔ ዝም ብዬ አስተካክለዋለሁ።»

«አዩልኝ፣ ሲደብቁ!»

«ይቅርብህ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ከሥራው ይፈናቀላል።»

«ይፈናቀላ! የቆለፈው ሰው ዛሬውኑ ይውጣ! ዘመድ ያለውም ቢሆን፣ ነባር ሠራተኛም ቢሆን!»

«ልክ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬውኑ ይሰናበታል።»

በሦስት ወር ውስጥ ባለሙያው ያቀረበው ሐሳብ ተቀባይነት ሲያገኝ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ደስ አለው። እትዬ በረዥሙ ተንፍሰው አተሙት። እሱም ወረቀቱን ከእጃቸው ነጠቀና ለሁሉም እንዲሰማ ማንበብ ጀመረ።

«ዓርብ የተጫነ የግንኙነት መሞከሪያ ፕሮግራም። በየደቂቃው በአሮጌው ፓስወርድ ለመግባት ይሞክራል። አምስት ጊዜ ሲሳሳት አካውንቱ ይቆለፋል። ፕሮግራሙን የጫነው...»

የሚቀጥለው ስም የኔ ነበር።