የሐሙስ ቀጠሮ

ጎበና ፀጉሩን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ የገባው በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ አሰጋሽ።

«ሽበቱ በዛ፤ ሰለቸኝ» አለና ባርኔጣውን ደፋ።

ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። ስለ ሽበቱ አንድም ቀን ሲያማርር ሰምታው አታውቅም። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ድንገት ሽበቱን የሚጠላው ለማን ብሎ ነው?

በዚያው ሳምንት ፍራሽ ወለል ላይ አንጥፎ መተኛት ጀመረ። ወገቤን አሞኛል፣ ጠንካራ ነገር ይሻለኛል አላት። አሰጋሽ ሰፊው አልጋ ላይ ብቻዋን ቀረች። በሰኔ ደም ግፊቷ ጥሏት ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሐኪሙም «ድንጋጤ እንዳይነካት» ብሎ ነው የሸኛቸው። በሽተኛ ሚስት ማን ይፈልጋል? ስትል ለራሷ ደመደመች።

ዘመኑም ለጥርጣሬ የተመቸ ነበር። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳው ግርግር ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን ካናወጠ ወዲህ መንገዱ ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል። ያመሸ ሁሉ «መንገድ ተዘግቶ ነው» ይላል፤ ማን ሄዶ ያጣራል? ልጃቸው እዮብ እንኳ ሰበታ ይሠራበት የነበረውን ፋብሪካ ትቶ ሞያሌ የወረደው በዚሁ ሰበብ ነው። የሚደውለውም ለአባቱ ብቻ ነው።

«ተኝተሽ ነበር፤ አልቀስቅሳት ብዬ ነው» ይላታል ጎበና።

ይኼም ገባት። ልጁ የአባቱን ጉድ አውቋል፤ እናቱን ማናገር ያሳፈረው ለዚህ ነው።

የሰፈሩም ሰው አውቋል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመው የሚያወሩ ሴቶች እሷ ስትደርስ ጸጥ ይላሉ። ጎረቤቷ ማሪቱ ደግሞ ሰሞኑን ወጥ እየሠራች በየቀኑ መመላለስ ጀምራለች።

«ምን ተገኘ ማሪቱ? ዱሮ ጨው ስጠይቅሽ እንኳ ታጉረመርሚ አልነበር?»

«ጉልበትሽ ይመለስ ብዬ ነው እንጂ፣ እቴ።»

«ጎበና የት የት እንደሚል ታውቂያለሽ። ንገሪኝ!»

ማሪቱ ሰሐኗን አንስታ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። «እኔ ምን አውቅልሻለሁ? ሁሉም በጊዜው ነው» አለችና ወጣች።

አሰጋሽ ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ የሚተላለፈውን የቤተሰብ ምክር ታዳምጥ ነበር። ጎበና «ተበላሸ፣ ላሠራው» ብሎ ሬዲዮኑን ወስዶ አልመለሰውም እንጂ። አማካሪዋ ሁልጊዜ የምትላትን ግን አልረሳችም፤ ስትጠራጠሩ ጠይቁ እንጂ አትሰልሉ። እሺ ብላ ጠየቀች።

«ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትሄደው?»

«ሰበታ። ጉዳይ አለኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«የቤተሰብ» አለ ጎበና፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ትንሽ ታገሺኝ፣ አሰጉ። እኔው ራሴ እነግርሻለሁ።»

ጠይቃ ያገኘችው ይኼንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ለመሰለል ጊዜ አልፈጀባትም።

በጥቅምት፣ እሱ ሲታጠብ፣ ከኮቱ ኪስ ማኅተም ያለባት ትንሽ ወረቀት አገኘች። የተጻፈው በኦሮምኛ ነው። የአሰጋሽ ኦሮምኛ ደግሞ ከገበያ አያልፍም፤ ሽንኩርት ትገዛበታለች፣ ሰው ሰላም ትልበታለች፣ በቃ። ወረቀቷን ይዛ ማመልከቻ ጸሐፊው ሽማግሌ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የቀጠሮ ወረቀት ነው። ሰበታ ፍርድ ቤት፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት። አመልካች ጎበና። ጉዳዩ... ልጅ ስለ መቀበል።»

«ልጅ መቀበል ማለት?»

«ሳይጋቡ የተወለደ ልጅ ሲኖር 'የኛ ነው' ብሎ ቃል መስጠት ነዋ። ሕጉ ይፈቅዳል።»

አሰጋሽ ወረቀቷን ከፊታቸው አነሳች። «እንግዲያው ለእኔ የፍቺ ማመልከቻ ይጻፉልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በቃኝ።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ገጽ አያልቅም።»

«በግማሽ ገጽም ያልቃል። እርስዎ ብቻ ይጻፉ።»

ሐሙስ ጎበና በወጣ በግማሽ ሰዓት ክኒኗን ውጣ ተከተለች። አየር ጤና ላይ ታክሲ ቀየረች። ሰበታ ስትደርስ ችሎቱ ተጀምሯል፤ ሹልክ ብላ ገብታ ከኋላው አግዳሚ ተቀመጠች።

ጎበና ከፊት ነው። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ከጎኑ ገና ሃያዎቹን የጀመረች፣ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ያቀፈችው ሕፃን የጎበናን ጣት ጨብጦ አልለቅም ብሏል። ሕፃኑ ዞር ሲል አሰጋሽ ጆሮዎቹን አየቻቸው። የጎበና ጆሮዎች ናቸው፤ ከሺህ ጆሮ መሀል ትለያቸዋለች።

ልጄን የምታክል! አለች በሆዷ። የእዮብ ታናሽ ብትሆን እንጂ!

ዳኛው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር አነበቡ። ጎበና ቆሞ መለሰ፤ ድምፁ ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። ቀጥሎ ዳኛው ልጅቷን ጠየቋት።

«ይቅርታ፣ ኦሮምኛ አልችልም» አለች ልጅቷ ብድግ ብላ። «ኤልሳቤት እባላለሁ። ለፋብሪካ ሥራ ከወላይታ ነው የመጣሁት።»

ዳኛው ለአስተርጓሚው ምልክት ሰጡት።

አሰጋሽ ማመልከቻዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ተነሳች። ሕጋዊ ሚስቱ እኔ ነኝ፣ እኔ ሳልሰማ የሚጸድቅ ነገር የለም ልትል ነው። በአግዳሚዎቹ መሀል ሦስት እርምጃ ሄደች። አስተርጓሚው ግን ቀድሟት ወደ ልጅቷ ዞሯል።

«ኦቦ ጎበና ይህን ሕፃን የምቀበለው በሟቹ ልጄ በእዮብ ስም ነው ይላሉ፤ አባትየው እሱ መሆኑን ታረጋግጫለሽ?»