የፍሬን መብራት

አባቴ ከመሞቱ በፊት በአሮጌ ቮልስ ሻንሲ ላይ በላሜራ የሠራት መኪና አዘዞ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ክረምት ቆማለች። እናቴ ነገ ለቆራሌው ልትሸጣት ነው። «ዛሬ ሁሉም መብራቷ ከበራልሽ ግን ትቅር» ብላኝ ጠዳ ገበያ ሄዳለች።

ሽቦውን ዘርግቼ ጨረስኩ። የቀረኝ የኋላውን መብራት መሞከር ነው፤ እሱን ደግሞ ብቻዬን አልችልም። ፔዳሉ ከፊት፣ መብራቱ ከኋላ ነው።

ሰው መጥራት ይከብደኛል። ቢሆንም በአጥሩ በኩል ጎረቤታችንን ጠራሁ።

«አያ በላቸው፣ ፍሬን ይረግጡልኛል?»

«ምነው፣ ዩኒቨርሲቲው አንገት ማስረዘም አላስተማረሽም?» ብለው ሳቁ። «ጫማዬን ላጥልቅና ዞሬ እመጣለሁ።»

ከመኪናዋ ኋላ ቁጢጥ አልኩ። የኋላ መስኮት ገና ስላልተቆረጠላት ውስጧ አይታይም። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ መኪናዋም በሾፌሩ በኩል ዘንበል አለች።

«ይርገጡ!»

ቀዩ መብራት በራ።

«ይልቀቁ!»

ጠፋ።

«ሸጋ ነው፣ አያ» አልኩ።

ያኔ የግቢው በር ተንኳኳ።

«አንቺ ልጅ፣ ክፈችልኝ እንጂ! ከውስጥ ቀርቅረሽ ነው ሰው የምትጠሪው?» አሉ አያ በላቸው ከውጭ።

መቀርቀሪያውን አየሁት። እናቴን ሸኝቼ እንደዘጋሁት ነው። መኪናዋም እንዳዘነበለች ናት።

«መጣሁ፣ አያ» አልኩ፤ ግን አልተነሣሁም። ያልሞከርኩት ፍሬቻውን ብቻ ነበር።

«የግራውን» አልኩ ቀስ ብዬ።

የግራው ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።