የተረፈ መድኃኒት

ዶክተር ዐማል መድኃኒት የሞላበትን የብስኩት ቆርቆሮ በሆስፒታሉ ኮሪደር መስኮት ደፍ ላይ ስትዘረግፈው የሺአረግ ያፈረች እንዳይመስላችሁ፤ ኮራች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ከእሷ ቤት የሚታጣ መድኃኒት የለም። ጉሮሮው የቆሰለ፣ ሆዱ የታወከ፣ ድዱ ያበጠ ሁሉ ከፋርማሲ በፊት የእሷን በር ነው የሚያንኳኳው። የዳነ ሰው የቀረውን ፍሬ አምጥቶ ይሰጣታል፣ እሷም ለሚቀጥለው በሽተኛ ታስቀምጣለች። የተረፈ እንጀራ እንኳ በማይጣልበት ቤት መድኃኒት እንዴት ይጣላል?

"ከዚህ ውስጥ ለአባባ የትኛውን ሰጠሽው?" አለች ሐኪሟ። የድሬ ልጅ ናት፤ እናት ለምትሆናት ሴት "እርስዎ" ማለት አይሆንላትም።

"ሁሉንም ሞክሬለታለሁ፣ ልጄ። ሰንፌበት አይደለም።"

እውነቷን ነው። ባሏ ሀብተ ማርያም ስኳር አለበት። ከባቡር ጋራዥ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያደረገው አዲስ ጫማ ተረከዙን ላጠውና ቆሰለ። የሺአረግ የአሞክሳሲሊን ፍሬ እየከፈተች ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችበት፣ ሌላውንም አስዋጠችው። ቁስሉ ሲደርቅ የተረፈውን ወደ ቆርቆሮው መለሰች። እንደገና ሲያመረቅዝ ቴትራሳይክሊን ሰጠችው፣ ከዚያ ሲፕሮ። ሻል ባለው ቁጥር እያቋረጠች ለጎረቤት አስተረፈች። አሁን እግሩ እስከ ጉልበቱ ጠቁሮ፣ ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጥሎታል።

ዶክተር ዐማል ፍሬዎቹን በጣቷ ለያየቻቸው። "ይሄ ቀይና ቢጫው አሞክሳሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ነው። ለጉሮሮ፣ ለሳንባ ጥሩ ነው፤ የማይስማማውን ሰው ግን በአንዲት ፍሬ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ይሄ የልጅ ጥርስ ያበላሻል። ሲፕሮ ደግሞ ጅማት ይጎዳል፣ ሽማግሌ ላይ ይብሳል።" እንደ አስተማሪ ጀምራ ነበር፤ መሃል ላይ ፍሬዎቹን ትታ ወደ እሷ ዞረች። "እናቴ፣ ጀርሙ እነዚህን ሁሉ ለምዷቸዋል። በግማሽ በግማሹ እየተነካካ ጠነከረ እንጂ አልሞተም። አሁን አንዳቸውም አይገድሉትም።"

"ጠንከር ያለ መርፌ የለም?"

"አሚካሲን የሚባል አለ። እሱ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። የአባባ ኩላሊት ደግሞ ደክሟል፤ ብንወጋው ራሱ መርፌው ነው የሚወስደው።"

"እግሩ ቢቆረጥስ?"

"ቀድማችሁ ብትመጡ ነበር። አሁን ደሙ ውስጥ ገብቷል፣ ማደንዘዣውን አይችለውም።"

የሺአረግ የተዘረገፈውን አየችው። በገዛ እጇ ከፍታ የነሰነሰችው፣ በገዛ እጇ ውሃ ይዛ ያስዋጠችው። የመስኮቱን ብረት ያዘች።

"በአላህ ይሁንብሽ፣ በምትወጂው፣ ለእሱ እንዳትነግሪው" አለች። "እኔ መሆኔንም፣ መዳን እንደሌለውም።"

ሐኪሟ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። የሺአረግ ፍሬዎቹን ሰብስባ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ባሏ ወደተኛበት ክፍል ገባች። ሌላ የት ታድርጋቸው?

ዴቃ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ለሀብተ ማርያም በካርቶን ታራግብለታለች። ግድግዳ የሚጋሯት ባለሱቅ ጎረቤታቸው ናት፤ በዚህ የፀሐይ ቃጠሎ ሱቋን ዘግታ በባጃጅ መጥታለች። ቆርቆሮውን ስታይ ፊቷ በራ።

"ሀዬ! ይዘሽው መጣሽ? ቤት ፈልጌሽ አጣሁሽ እኮ። ልጄ ሳሕራ ጉሮሮዋ ዘግቷል፣ በትኩሳት ስትቃጠል አደረች። ያቺን ቀይና ቢጫዋን ስጪኝ።"

"የለም" አለች የሺአረግ።

"እንዴ፣ አቦ! ይሄው ውስጡ ይንኳኳል። ያለፈው ወር እኔው ራሴ ያመጣሁልሽ አይደል?"

"ሐኪም ቤት ውሰጃት።"

"ለጉሮሮ? ዛሬ ምን ነካሽ?"

የሺአረግ ወደ ባሏ ዞረች። ዓይኑን ገልጧል። ትኩሳት ቢያደክመውም ጆሮው ንቁ ነው፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ነበር። "ይሄ ነገር ገዳይ ነው" ብትል የማን ገዳይ እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

"አልሰጥም አልኩሽ፣ ዴቃ! አልሰጥም!"

የሌሎቹ በሽተኞች አስታማሚዎች ዘወር ብለው አዩዋት። ዴቃ ካርቶኑን ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ሻሿን አስተካከለች። "አላህ ያሽረው" አለች ለሀብተ ማርያም ብቻ፣ የሺአረግን ሳትስማት ወጣች። ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩን እየመታ ራቀ።

ሀብተ ማርያም ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። "ልጅቷ ታማለች እኮ፣ የሺ።"

"ይሻላታል።"

"ሰው ለምኖሽ እምቢ ስትዪ ዛሬ ገና አየሁ። እኔ በአንቺ የምኮራው በምን ነበር?"

መልሱ አፏ ላይ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትናገር እንደ ንፉግ አያያትም፤ ግን ያቺው ዓረፍተ ነገር የቀረውን ተስፋ ትወስድበታለች። ስለምትወደው ዋጠችው።

"ላንተ እንዳያንስ ብዬ ነው" አለች።

"ከሕፃን አፍ ነጥቀሽ ለእኔ?" ከዚህ በላይ መናገር አቃተው። እግሩን ማንቀሳቀስ ስለማይችል ከወገቡ በላይ ያለውን ገላውን እያቃሰተ ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሺአረግ ፎጣ በውሃ አርሳ ላብ ያጠመቀው ማጅራቱ ላይ አደረገችለት። በትከሻው ገፋው። አንስታ መልሳ አደረገችለት። መልሶ ገፋው።