የሚያፈሰው ኩሬ

የኩሬውን አሮጌ ላስቲክ ጫፍ ጨምድዶ ሲጎትተው ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ፊቱ ላይ ተረጨ። «ኤጭ!» አለና በክንዱ ጠራረገው። ኩሬውን በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ ወገብ እስኪደርስ ቆፍሮ፣ አንዱን ጎን ተዳፋት አድርጎ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ። ምን ዋጋ አለው! ማታ ሞልቶት ያድራል፣ ጠዋት ጎድሎ ያገኘዋል። በደፈረሰው ውሃ ውስጥ እጁን ሰዶ በዳበሳ ይለጥፈዋል፤ ብዙም ሳይቆይ በሌላ በኩል ያፈሳል።

ዓሦቹ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ተጨናንቀው አፋቸውን ወደ ላይ ይከፍታሉ። በሆዱ ምክንያት «ሹሙ» ብሎ የሚጠራው ትልቁ ቀይ ዓሣ ጎኑን ማጋደል ጀምሯል። ኩሬው ዛሬ ካልሞላ አንዱም አያድርም።

ያልጠረጠረው አልነበረም። የጎረቤት ድመት በድንጋይ አባሯል። ላስቲክ ሻጩንማ «ወንፊት ነው የሸጥክልኝ!» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘግቶበታል። ዛሬ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እዚያው ሄዶ አዲስ ገዝቶ መጣ።

አማቱ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ልጁ ደግሞ የአያቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። እግር ከተከለች ገና መጀመሪያዋ ነው፤ ትንሽ ትሄድና ዘፍ ትላለች።

ላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ዘረጋው። ብርሃን በሦስት ቀዳዳ ገባ። ሦስቱም በአንድ መስመር፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ልጥፎቹን ገሽልጦ ቢያይ ከሥራቸውም እንደዚያው ሦስት ሦስት። ድመት በመስመር አትበሳም። ግድግዳው ሥር የተደገፈችውን ባለ ሦስት ጥርስ መኮትኮቻ አምጥቶ ቀዳዳዎቹ ላይ ቢያደርጋት ልክክ አለች።

ደሙ ፈላ።

«እማማ! ይሄን ያዩታል?»

«አየሁት» አሉ፤ ድንቹን መላጥ አላቆሙም።

«ሰው ነው የበሳው! በዚህች መኮትኮቻ! ብቻ አንድ ቀን እጅ ከፍንጅ በያዝኩት!»

«እንግዲያው ያዘኝ። እኔ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ባነቀው ነበር። የሚስት እናት ምን ይደረጋሉ? አንቱታውን ሳይጥሉ መጮህ ነው እንጂ።

«ምን በድዬዎት ነው? ስለጥፍ ስውል ‹አይዞህ ልጄ› እያሉኝ፣ ዞር ስል ይበሱብኛል? ሻጩን ያን ሁሉ ስሰድበው እዚሁ ተቀምጠው አልነበር?»

«ነበርኩ። አሳዘነኝ።»

«አሳዘነዎት!»

«ምን ላድርግ?» ቢላዋውን አስቀመጡ፤ እሳቸውም ተቆጡ። «ክደነው አልኩህ፣ ነገ አልክ። አጥረው አልኩህ፣ ውበቱ ይበላሻል አልክ። ልጅቷ እግር ተክላለች። እኔ ጉልበቴ አይታዘዘኝም፣ ሮጬ አልደርስባትም። ሰው አልሰማ ሲለኝ ውሃውን አፈሰስኩት።»

«እኔ አባቷ እያለሁ? ዓይኔን ከሷ ላይ የምነቅል ይመስልዎታል?»

«ዓሣ ስታይ ትነቅላለህ።»

ንዴቱን በሥራው ተወጣው። አሮጌ ብርድ ልብስ ከሥር አነጠፈ፣ አዲሱን ላስቲክ ዘረጋበት፣ እየረገጠ ወደየጥጉ አስገባው። እጥፋቱ አልስተካከል ሲለው እሱንም ሰደበው። «በገዛ ቤቴ! በገዛ ቤቴ ጠላት!» እያለ የዳር ድንጋዮቹን መልሶ ጠርዙ ላይ ጫናቸው። በግርጌያቸው አሮጌው ውሃ የተወው አረንጓዴ መስመር አለ፤ እስከዚያ ነው የሚሞላው። የውሃውን ጎማ ጫፍ ኩሬው ውስጥ ጣለና ቧንቧውን ሊከፍት ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረ። ሹሙን ብቻ ነበር የሚያስበው።

ሲመለስ አማቱ ከበርጩማው ለመነሣት ግድግዳውን ይዘው ይታገላሉ። ድንቹ ተበትኗል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ቀሚሳቸውን የያዘ የለም።

ኩሬው ውስጥ ናት። በተዳፋቱ በኩል ተንሸራትታ ወርዳ፣ ጥልቁ ቦታ ላይ ቁጭ ብላ፣ ከጎማው የሚወጣውን ውሃ በመዳፏ እየመታች ትስቃለች። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚቷን ነው የሸፈነው።

ሊጮህ አፉን ከፈተ። የሚጮህበት ሰው አጣ።

ልጅቷ አባቷን ስታይ ላስቲኩን ተደግፋ ተነሣች። እንዲያቅፋት በእግር ጣቶቿ ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። የእጆቿ ጫፍ አረንጓዴው መስመር ጋ አልደረሰም።